ከዕፅዋት የፕሪንተር ቀለም መሥራት፦ የት ድረስ ያስኬደናል?

በሁለተኛው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ የዲፓርትመንታችንን ኮሪደር የረገጠ ሰው በጸሐፊዋ ቢሮ በር ላይ የምትለጠፈዋን ቁራጭ ወረቀት ያውቃታል፤ «ቀለም አልቋል» ትላለች። የሲኒየር ፕሮጀክት ማስረከቢያ ቀን የሚደርሰው፣ ካርትሪጁ የሚደርቀው፣ ከግቢው በር ውጭ ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች በገጽ የሚያስከፍሉት የሚጨምረው፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ነው። ባለፈው ዓመት አራት ጓደኛሞች ይህችን ወረቀት እያየን ያነሳናት ጥያቄ በጣም ቀላል መስላን ነበር። ኬሚስትሪ የምንማር ሰዎች ነን፤ እርድና ቀይ ሥር በየገበያው ሞልቷል፤ ታዲያ ቀለም ከውጭ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን?

ያደረግነውን ሳልደብቅ ልናገር። የእርድ ዱቄት በአልኮል ዘፈዘፍን፣ በማግስቱ በፊልተር ፔፐር አጣራነው፣ ከዚያም የአንዳችን ንብረት የሆነ አሮጌ ኢንክጄት ፕሪንተር ካርትሪጅ ውስጥ በስሪንጅ ሞላነው። የመጀመሪያው ገጽ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ አጨበጨብን። ሁለተኛው ገጽ ላይ መስመሮቹ መቆራረጥ ጀመሩ። በማግስቱ ፕሪንተሩ የሚያወጣው ባዶ ወረቀት ብቻ ሆነ። የመጀመሪያዋን ገጽ ለማስታወሻ ብለን ላብራቶሪው መስኮት ላይ ለጥፈናት ነበርና ሳምንትም ሳይሞላ ቢጫው ገርጥቶ የቆሸሸ ወረቀት መሰለች። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የላብ ቴክኒሻናችን አገላብጠው አዩዋትና «ምን ነበር የተጻፈባት?» አሉን።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የእነዚያን ሁለት ውድቀቶች፣ የተደፈነውን ፕሪንተርና የጠፋውን ቢጫ፣ ምክንያት ስንፈልግ ያገኘነውን ለማካፈል የተጻፈ ነው። ፕሮጀክቱን ለመድገም የምታስቡ የታችኛው ዓመት ተማሪዎች ቢያንስ የራሳችሁን ስሕተት ትሠሩ ዘንድ።

ቀለም ስንል

እዚህ ላይ አማርኛችንም ትንሽ ያሳስታል። «ቀለም» የምንለው ቃል ዓይን የሚያየውን ከለር፣ ልብስ የሚነከርበትን ማቅለሚያ፣ ግድግዳ የሚቀባውን፣ ብዕር የሚጠቀስበትን ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል፤ ትምህርት እንኳ ቀለም ይባላል። ስለዚህ «እርድ ቀለም አለው» ከሚለው ተነስተን «እርድ ቀለም ይሆናል» ወደሚለው ስንዘል መሐል ላይ ገደል መኖሩን አላየንም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከለር ሰጪውን ነገር «ማቅለሚያ»፣ ተዘጋጅቶ የሚታተምበትን ፈሳሽ ደግሞ «ኢንክ» እላለሁ።

በኢንክ ውስጥ ከለር ሰጪው ክፍል ትንሹ ክፍል ነው። በቢሮ ኢንክጄት ፕሪንተር ካርትሪጅ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው። ነዝሉ ላይ እንዳይደርቅ የሚከላከል ግሊሰሪን ወይም ግላይኮል፣ ወረቀት ላይ የሚያጣብቅ ነገር፣ ሻጋታ የሚከላከል ነገር ይጨመርበታል፤ ማቅለሚያው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ማቅለሚያውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟማው ዳይ ነው፤ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ነው፣ ብታጣሩት አትለዩትም። ሌላው የማይሟማው ፒግመንት ነው፤ እንደ ቡና አተላ ደቅቆ ይንሳፈፋል እንጂ ከፈሳሹ ጋር አንድ አይሆንም። ዳይ በነዝል ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፣ ግን ውሃ ያጥበዋል፣ ብርሃንም ቶሎ ያጠፋዋል። ፒግመንት በአብዛኛው የተሻለ ይቆያል፣ ግን እንደ አተላው ይዘቅጣል፣ ይደፍናል።

የሌዘር ፕሪንተርን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ቶነር ፈሳሽ አይደለም፤ በሙቀት ቀልጦ ወረቀት ላይ የሚጋገር የፕላስቲክ ዱቄት ነው። እርድ ፈጭቶ ቶነር ውስጥ ለመጨመር የሚያስብ ካለ ይቅርበት።

ነዝሉ ለምን ተደፈነ?

የኢንክጄት ነዝል ቀዳዳ ስፋቱ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት ግማሽ አይሞላም። ፒግመንት ያለው ኢንክ እዚያ ውስጥ ያለ ችግር እንዲያልፍ ቅንጣቶቹ በአጠቃላይ ከ0.2 ማይክሮሜትር ማነስ አለባቸው። «ቀዳዳው 20 ከሆነ 10 ማይክሮሜትር ቅንጣት ለምን አያልፍም?» የሚል ካለ የበዓል ዕለት የአውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ይመልከት። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በበሩ ያልፋል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡ ግን በሩ ይዘጋል።

እኛ ያጣራነው በዋትማን ቁጥር 1 ነበር። ይህ ወረቀት የሚይዘው 11 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ከሚፈለገው ልክ ጋር ሲነጻጸር ከ50 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ቅንጣት እያሳለፈልን «ጥርት አለ» እያልን ነበር ማለት ነው። ዓይን ጥርት ያለ የሚለውን ነዝል አይቀበለውም።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። የእርድን ቢጫ የሚሰጠው ከርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟማም ቢባል ይቀላል፤ የሚሟማው በአልኮል ነው። አልኮሉ ነዝሉ አፍ ላይ ሲተን ከርኩሚኑ የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ጠጣር ይሆናል። ያንን በውሃ ለማጠብ ስንታገል ደግሞ ውሃው የቀረውንም አዘቀጠው። ሶልዩቢሊቲን በአንደኛ ዓመት ተምረን በሦስተኛ ዓመት ረሳነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌሎች ሁለት ልኮችም አሉ። ውሃ በክፍል ሙቀት ቪስኮሲቲው 1 ሚሊፓስካል ሴኮንድ ገደማ ሲሆን፣ የቢሮ ፕሪንተር ኢንክ ከዚህ ጥቂት እጥፍ ይወፍራል፤ በጣም ከቀጠነ ይንጠባጠባል፣ ከወፈረ አይወጣም። የውሃ ሰርፌስ ቴንሽን 72 ሚሊኒውተን በሜትር ነው፤ ኢንክ ግን ከ30 እስከ 40 አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል። ግሊሰሪን የመጀመሪያውን፣ ጥቂት አልኮል ወይም የሳሙና ዓይነት ነገር ሁለተኛውን ያስተካክላል። እነዚህ ሁለቱ በኮሌጅ ላብራቶሪ የሚደረስባቸው ናቸው። የማይደረስበት 0.2 ማይክሮሜትሩ ነው።

ቢጫው የት ሄደ?

ይህኛው ጥያቄ ነው እኔን ይበልጥ የሳበኝ። ከርኩሚን ቢጫ የሆነው ነጠላና ድርብ ቦንዶች እየተፈራረቁ በረጅም ሰንሰለት ስለተያያዙ ነው። እነዚህ የኮንጁጌሽን ሰንሰለቶች ከ420 እስከ 430 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣሉ፤ የቀረው ለዓይናችን ቢጫ ሆኖ ይመጣል። ችግሩ የተዋጠው ጉልበት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ከኦክሲጅን ጋር ሆኖ ሰንሰለቱን ራሱን ይበጥሰዋል፤ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ከለር የለም። ከሚፈጠሩት ስብርባሪዎች አንዱ ቫኒሊን ነው፣ ያው የኬክ ሽታ የሆነው። ቢጫ ገጻችን ወደ ቫኒላ እየተቀየረች ነበር ማለት ነው። ከለር የሰጠው ነገር ራሱ ለጥፋቱ በር መክፈቱ ለብዙ የዕፅዋት ማቅለሚያ የሚሠራ ታሪክ ነው።

የቀይ ሥር ቤታኒንም ሙቀትና ብርሃን አይችልም። የከርከዴና የቀይ ጥቅል ጎመን አንቶሳያኒን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ኢንዲኬተር ስንጠቀምበት የምንወደው ይህ ጠባይ ማተሚያ ላይ ጠላት ነው። የዛሬው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት የተሞላ ስለሆነ ፒኤቹ ወደ ቤዝ ያደላል። በሎሚ አቅልተን ያሰመርንበት ከርከዴ ወረቀቱ ላይ ሲደርቅ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ሄደብን። ቀይ አዘን ሌላ መጣ!

ሱፍም ይነሳ። ሱፍ ስል ፈረንጅ ሱፍ የምንለውን ትልቁን ማለቴ ሳይሆን እሾሃሙን፣ በጾም ውሃው የሚጠጣውን የአገራችንን ሱፍ ነው። አበባው ውስጥ ሁለት ማቅለሚያ አለ። ቢጫው በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ካርታሚን የሚባለው ቀይ ግን በቦታው ይቀራል። አበባውን በሶዳ ውሃ ብትዘፈዝፉት ቀዩ ይወጣል፣ ሎሚ ብትጨምሩበት መልሶ ይዘቅጣል። ጃፓኖች የከንፈር ቀለም የሠሩበት መንገድ ይኸው ነው። ለአሲድና ቤዝ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም፤ ለፕሪንተር ግን ቀዩ በመጠን እጅግ ጥቂት ነው፣ ብርሃንም አይችልም።

ከእነዚህ ሁሉ ለየት የሚለው ኢንዲጎ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ሳለ ከለር የለውም፤ ተቡክቶ አየር ሲያገኝ የማይሟማ ሰማያዊ ፒግመንት ይሆናል። ዝርያው በአገራችን በብዛት ይበቅላል። የጀርመኑ ቢኤኤስኤፍ እ.ኤ.አ. በ1897 ሰው ሠራሹን ኢንዲጎ ገበያ ላይ ካወጣ በኋላ ግን የዕፅዋቱ እርሻ በየአገሩ ወድቋል።

ሸብና የሽንኩርት ልጣጭ

የሚሟማውን ማቅለሚያ ወደማይሟማ ፒግመንት ለመለወጥ ጥንታዊ ዘዴ አለ፤ ውጤቱ «ሌክ» ይባላል። የሚያስፈልገው ከገበያ የሚገኘው ሸብ ነው፤ እኛ ፖታሲየም አልሙኒየም ሰልፌት የምንለው ማለት ነው። እርድን ትተን ወደ ሽንኩርት ልጣጭ የዞርነው እዚህ ላይ ነው። እርድ ምግብ ነው፣ ልጣጩ ግን ከተማሪ ካፌው ወጥ ቤት በጆንያ የሚጣል ነው። ውስጡ ያለው ኬርሴቲን ደግሞ አልሙኒየምን አጥብቆ ይይዛል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። 20 ግራም ደረቅ ልጣጭ በግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ይቀቀላል፤ ሳይንተከተክ ቢሆን ይመረጣል። ከተጣራ በኋላ 10 ግራም ሸብ በሙቅ ውሃ ተሟሙቶ ይጨመርበታል። ከዚያ የሶዲየም ካርቦኔት ውሁድ ቀስ እየተባለ ይንጠባጠባል። ቀስ የተባለበት ምክንያት አለው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ አረፋው ይገነፍላል፣ ስለዚህ ቢከሩ የፈሳሹ እጥፍ ይሁን። የእኛ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ፈሶ ጠረጴዛውን አቅልሞታል፤ ምልክቱ አሁንም አለ። አልሙኒየም ሃይድሮክሳይዱ ሲዘቅጥ ማቅለሚያውን ይዞት ይወርዳል፤ ውጤቱ ወደ ሰናፍጭ የሚያደላ ቢጫ ዝቃጭ ነው።

የሶዳውን መጠን በግምት ሳይሆን በስቶይኪዮሜትሪ አውጡት። ለ2 ሞል ሸብ 3 ሞል ሶዲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። 10 ግራም ሸብ 0.021 ሞል ስለሆነ ውሃ አልባው ሶዳ 3.4 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ውሃ ያዘለው የልብስ ሶዳ ክሪስታል ከሆነ ግን ወደ 9 ግራም ይጠጋል። ከበዛ ፒኤቹ ይወጣና ከለሩ ይቡናል። ዝቃጩ ተለይቶ ሦስት አራት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል። ምን ያህል ይገኛል? አልሙኒየም ሃይድሮክሳይዱ በስሌት 1.6 ግራም ነው፤ ማቅለሚያው ሲጨመርበት ሁለት ግራም አካባቢ ብትጠብቁ ይሻላል። ከዚያ ሁሉ ልጣጭ!

ይህ ዱቄት በሙቀጫ ምንም ያህል ቢላም ጥቂት ማይክሮሜትር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ወደ ኢንክጄት አይሄድም። ነገር ግን በግራር ሙጫ ውሃ ተለውሶ፣ ግሊሰሪን ጠብ ተደርጎበት፣ እንዳይሻግት አንድ ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ሲታከልበት ለስክሪን ኅትመት ደህና ኢንክ ይወጣዋል። የስክሪኑ ወንፊት ይታገሣል፤ ቲሸርት የሚያትሙ ልጆች በሚጠቀሙበት ወንፊት ያለችግር አልፎልናል። ለእንጨትና ለጎማ ማኅተምም ሆኗል። ወረቀት ላይ ነው የሞከርነው እንጂ ልብስ ላይ እጥበት ይችላል ብዬ አልምልም።

ጥቁሩ

እስካሁን ያልነካሁት ለጽሑፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገውን ነው። ፕሮጀክታችን የሚታተመው በጥቁር ነው እንጂ በቢጫ አይደለም። ብዙ ሰው ስለ ዕፅዋት ቀለም ሲያስብ አበባና ሥር ይታየዋል፤ እኛም እንደዚያው ነበርን። የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን ለጥቁሩ አበባ አልፈለጉም። ጥላሸት ከምጣድና ከድስት ሥር ፍቀው፣ ያረረ እህልና ቅጠላ ቅጠል ጨምረው፣ በሙጫ አስረው፣ ለወራት እያማሰሉ ያዘጋጁት ነበር። በአንዳንድ ገዳማትና አድባራት ዛሬም የሚሠራ አለ። በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው የብራና መጽሐፍ ጥቁሩ እንደተጻፈ የሚነበበው ካርቦን ስለሆነ ነው። ካርቦን ብርሃን ይውጣል፣ ግን የሚበጠስ ቀጭን ሰንሰለት የለውም፤ አሲድም ቤዝም አያውከውም። በአጭሩ፣ ከዕፅዋት ከለር የሚጸናው የተቃጠለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት ላንሳ። «ሶይ ኢንክ» የሚባለው የአኩሪ አተር ኢንክ ብዙ ጊዜ የዕፅዋት ቀለም እየተባለ ይጠቀሳል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአሜሪካ ጋዜጣ አሳታሚዎች በኢንካቸው ውስጥ ያለውን የነዳጅ ዘይት የሚተካ ነገር መፈለግ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአይዋ ግዛት የሚታተመው የሲዳር ራፒድስ ጋዜት በአኩሪ አተር ዘይት ኢንክ ታተመ። የተተካው ዘይቱ ነው፤ ከለሩን የሚሰጠው ፒግመንት ያው የፋብሪካው ነበር። አኩሪ አተሩ ተሸካሚው እንጂ ጭነቱ አይደለም። ከዚህ በተቃራኒ በአሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ሊቪንግ ኢንክ የተባለ ኩባንያ አልጌን አክስሎ ጥቁር ፒግመንት ይሠራል። የእሱ መንገድ ከእኛዎቹ ጸሐፊዎች መንገድ ብዙም የራቀ አይደለም።

እኛም ሁለት ነገር ሞከርን። አንደኛው የቡና ገለባ አክስሎ መፍጨት ነው፤ ጥቁር ነው፣ ግን ይሻክራል። ትልቁን እየሰበሩ ወደ ትንሽ መውረድ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው የኑግ ዘይት ኩራዝ ላይ ሳህን ደፍቶ ጥላሸት መሰብሰብ ነው። ጥላሸት ከጋዝ ተነስቶ ከታች ወደ ላይ የሚሠራ ስለሆነ መነሻ ቅንጣቶቹ በናኖሜትር አስሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሳንፈጨው ደቅቆ መጣልን ማለት ነው። ነገር ግን እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ውሃም ይጠላል፤ ብትበትኑት ውሃው ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። በአልኮል አርሶ በሙጫ ውሃ ረጅም ጊዜ ማሸት ያስፈልጋል። የወራቱ ማማሰል ለምን እንደሆነ የገባኝ እጄ ከዛለ በኋላ ነው። ሥራው ሁድ ውስጥ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሁን፤ ጥላሸት ለሳንባ አይበጅም።

ሻይን ከዛገ ሚስማርና ኮምጣጤ ጋር ደባልቆ ጥቁር ማውጣትም ይቻላል፤ ታኒንና ብረት ሲገናኙ የሚሆን ነው። አውሮፓውያን በብረት ሰልፌት እየሠሩ ለዘመናት ጽፈውበታል፣ አሲዱ ግን ወረቀታቸውን በልቶባቸዋል። ብረትና አሲድ ያለበትን ነገር ፕሪንተር ውስጥ መጨመርን ከወዲሁ እርሱት።

ለአካባቢ ይሻላል ወይ?

መምህራችን በፕሬዘንቴሽኑ ቀን የጠየቁን ይህንን ነበር፤ እኛም «ተፈጥሯዊ ስለሆነ» ብለን መለስን። ደካማ መልስ ነበር። ለሁለት ግራም ቢጫ ግማሽ ሊትር መቀቀያ፣ ሁለት ሊትር ያህል መታጠቢያ ውሃና የአንድ ሰዓት ኤሌክትሪክ አውጥተናል፤ መታጠቢያው ሰልፌት ይዞ ወደ ሲንክ ይሄዳል። የገበያው ካርትሪጅ ኢንክ ደግሞ አስቀድሜ እንዳልኩት አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሚጣለው ፕላስቲክ ቀፎው ነው፣ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ወረቀቱ። በሁለቱም ገጽ ማተምና የሚሞላ ታንክ ያለው ፕሪንተር መጠቀም ከእኛ እርድ ይልቅ ለአካባቢ ይበጃል፤ ይህን መጻፍ ደስ ባይለኝም እውነቱ እሱ ነው። የልጣጩ ኢንክ የሚያዋጣው ልጣጩ የሚጣል ሲሆን፣ የልጣጩ ማድረቂያ ፀሐይ ሲሆን፣ የሚተካውም በፔትሮሊየም ሶልቨንት የሚቀጥን የስክሪን ኢንክ ሲሆን ነው።

ስለዚህ አሁን ስንሠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው ወረቀቱ ስንት ጊዜ መኖር አለበት የሚለውን ነው። ለክበብ ማስታወቂያ፣ ለምርቃት ካርድ፣ ለሳምንት የሚለጠፍ ፖስተር የሽንኩርት ቢጫ ይበቃል። ትራንስክሪፕት፣ የፕሮጀክት ቅጂ፣ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ግን ካርቦን ይፈልጋል፤ በእርድ የታተመ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጠይቅ ሰው አስቡት።

የብርሃን ፈተናውን በዚህ ዓመት በሥርዓት እየደገምነው ነው። እርድ፣ ቀይ ሥር፣ ከርከዴ፣ የልጣጭ ሌክና የኑግ ጥላሸት የተቀቡ አምስት የወረቀት ቁራጮች ግማሻቸው በአልሙኒየም ፎይል ተሸፍኖ ከጥር 15 ጀምሮ በሁለተኛው ላብራቶሪ የምሥራቅ መስኮት ላይ ተለጥፈዋል። እባካችሁ አትንኳቸው። ፎይሉ የሚነሳው ሰኔ 1 ቀን ከቀትር በፊት ነው፤ ጋሼም እንመጣለን ብለዋል።